የአክሪሊክ ጠርዝ ላይ የተቀበረ ውጥረትን በብርሃን መለካት፦ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ሳምንት 1፦ ስንጥቁ

ለላብራቶሪ የምንሠራቸው የአክሪሊክ ሳጥኖች እየተመለሱብን ነው። የሁሉም ችግር አንድ ነው፤ በሌዘር የተቆረጠው ጠርዝና የብሎን ቀዳዳዎቹ ዙሪያ ፀጉር የሚያካክሉ ስንጥቆች ያወጣሉ። ሳጥኑን ወደ መስኮት አዙረው ሲያዩት ስንጥቆቹ ብር መስለው ያብለጨልጫሉ። ደንበኞቻችን ሳጥኑን በየቀኑ በ70 በመቶ አልኮል ይወለውሉታል። የላብራቶሪ ዕቃ ስለሆነ አልኮል አትንኩ ማለት አይቻልም።

ስንጥቆቹን በማጉያ መነጽር ሳያቸው ሁሉም ከጠርዙ ጋር 90 ዲግሪ ሠርተው የቆሙ ናቸው። ስንጥቅ የሚከፈተው የሚስበውን ኃይል አቋርጦ ነው። ስለዚህ ጠርዙ በርዝመቱ አቅጣጫ እየተሳበ ነው ማለት ነው። ግን ሳጥኑ መደርደሪያ ላይ ባዶውን ነው የተቀመጠው፤ ማን ይስበዋል? የጠረጠርኩት ሌዘሩን ነው። መቁረጫው የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሌዘር ነው፣ የጨረሩ የሞገድ ርዝመት 10.6 ማይክሮሜትር። አክሪሊክ ይህን ጨረር ገጹ ላይ ይመጠውና ይቀልጣል። የቀለጠው ቀጭን ንብርብር ሲቀዘቅዝ መኮማተር ይፈልጋል፤ ከጀርባው ያለው ቀዝቃዛ አካል ግን አይለቀውም። ንብርብሩ እንደተወጠረ ይቀራል። አልኮሉ የሚያደርገው ይህን የተወጠረ ቦታ ማግኘት ብቻ ነው።

ግምት በቂ አይደለም። ጠርዙ ላይ ስንት ሜጋፓስካል እንዳለ በቁጥር ካላወቅሁ የማደርገው ማስተካከያ እንደሠራ የማውቀው ደንበኛ ሲመልስልኝ ብቻ ነው። ስለዚህ ፖላሪስኮፕ ልሠራ ነው፤ ግልጽ ነገር ውስጥ ያለ ውጥረትን በፖላራይዝድ ብርሃን፣ ማለትም በአንድ አቅጣጫ ብቻ በሚወዛወዝ ብርሃን፣ የሚያሳይ መሣሪያ።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ስኮትላንዳዊው ዴቪድ ብሩስተር በ1815 አካባቢ ነው ግልጽ ነገር ሲጨመቅ ወይም ሲሳብ በፖላራይዝድ ብርሃን ቀለም እንደሚያወጣ ያሳየው። የተወጠረ ፕላስቲክ ውስጥ ብርሃን ለሁለት ይከፈላል፤ በውጥረቱ አቅጣጫ የሚወዛወዘውና አቋርጦት የሚወዛወዘው በተለያየ ፍጥነት ያልፋሉ፣ ሲወጡም አንዱ ከሌላው ወደኋላ ይቀራል። መዘግየቱ የውጥረቱን ልክ ይከተላል። አንዱ ከሌላው በአንድ ሙሉ የሞገድ ርዝመት ሲዘገይ አንድ ፍሪንጅ እንላለን። ስሌቱ አጭር ነው፦ የሁለቱ ዋና ውጥረቶች ልዩነት = የፍሪንጅ ቁጥር × የቁሱ የፍሪንጅ ዋጋ ÷ ውፍረት። ዋና ውጥረቶች የሚባሉት እርስ በርስ 90 ዲግሪ የሚሠሩት ትልቁና ትንሹ ውጥረት ናቸው፤ የፍሪንጅ ዋጋ ደግሞ በ1 ሚሊሜትር ውፍረት አንድ ፍሪንጅ ለማውጣት የሚያስፈልገው ውጥረት ነው።

ለእኔ ሥራ አንድ ትልቅ ዕድል አለ። ነጻ ጠርዝ ላይ፣ ወደ ጠርዙ ቀጥ ብሎ የሚመጣው ውጥረት ዜሮ ነው፤ የሚገፋው ነገር የለምና። ስለዚህ ልዩነቱን ስለካ የማገኘው ራሱን የጠርዙን ውጥረት ነው። ስንጥቅ የሚጀምረውም እዚያው ነው።

ሳምንት 1 መጨረሻ፦ በነጭ ብርሃን ማየት

ምናለሽ ተራ ወርጄ ስክሪኑ የተሰነጠቀ የኤልሲዲ ሞኒተር ገዛሁ። ከመስታወቱ ላይ የፖላራይዘር ፊልሙን (በአንድ አቅጣጫ የሚወዛወዝ ብርሃን ብቻ የሚያሳልፈውን) መላጥ ጊዜ ይወስዳል፤ ጥግ ላይ በምላጭ ማስነሳት፣ ከዚያ ለብ ባለ ውሃ እያራሱ በቀስታ መሳብ። የሚቀረውን ሙጫ በአልኮል ማስለቀቅ ይቻላል። አሴቶን ግን አይሆንም፤ የፊልሙ መሸፈኛ ንብርብር አሴቶን ሲነካው ይበላሻል። በቁራጭ ሞክሬ አይቼዋለሁ፣ ወዲያው ነው ነጭ የሚሆነው።

የሚሠራ ኤልሲዲ ሞኒተር ካለ ደግሞ ግማሹ ሥራ ያለቀ ነው። ከስክሪኑ የሚወጣው ብርሃን አስቀድሞ ፖላራይዝድ ስለሆነ ነጭ ገጽ ከፍቶ፣ ዕቃውን መሐል አስገብቶ፣ በተላጠው ፊልም ማየት ነው። የፕላስቲክ ማስመሪያ አስገባሁ፤ ቀስተ ደመና ሆነ። የፖሊካርቦኔት ቁራጭ አስገባሁ፤ እሱም እንደዚያው። አክሪሊካችንን አስገባሁ፤ መሐሉ ጥቁር፣ ጠርዙ ላይ ደግሞ ከ1 ሚሊሜትር እምብዛም የማትሰፋ ሐመር ቢጫ መስመር።

ያቺ መስመር ናት የምፈልጋት። ግን አክሪሊክ በዚህ ረገድ ደካማ ቁስ ነው። ለተመሳሳይ ውጥረት የሚያሳየው መዘግየት ከፖሊካርቦኔት አንጻር ከአሥር እጥፍ በላይ ያነሰ ነው። ፖሊካርቦኔት ላይ ቁጭ ብሎ ፍሪንጅ መቁጠር ይቻላል፤ አክሪሊክ ላይ የሚቆጠር ነገር የለም፣ ሁሉም ከአንድ ፍሪንጅ በታች ነው። ስለዚህ የፍሪንጅን ክፍልፋይ የሚለካ ዘዴ ያስፈልጋል።

ሳምንት 2፦ ማይካ

በቅድሚያ የሞከርኩት ከድሮ ባለ 3ዲ ቴሌቪዥን ጋር የሚመጣውን መነጽር ነው። ሌንሶቹ እያንዳንዳቸው ፖላራይዘርና ሩብ-ሞገድ ፊልም (አንዱን ብርሃን ከሌላው በሩብ የሞገድ ርዝመት የሚያዘገይ) በአንድ ላይ የተጣበቁባቸው ናቸው። የግራውንና የቀኙን ሌንስ በውጭ ገጻቸው ካፋጠጧቸው ጥቁር መደብ ያለው ሰርኩላር ፖላሪስኮፕ ይሆናሉ፤ ዕቃውን በየትኛውም አቅጣጫ ቢያዞሩት የውጥረቱ ምስል አይጠፋም። የትኛው ዕቃ ችግር እንዳለበት ለመለየት ከዚህ የሚፈጥን መሣሪያ አላየሁም፣ እስካሁንም ለዕለት ቁጥጥር የምጠቀመው እሱን ነው። ለልኬት ግን አልሆነም፤ ፖላራይዘሩና ሩብ-ሞገዱ የተጣበቁ ስለሆኑ አንዱን ብቻ ማሽከርከር አይቻልም።

የመረጥኩት የሴናርሞንን ዘዴ ነው። ሴናርሞን በ19ኛው ክፍለ ዘመን የነበረ ፈረንሳዊ የማዕድን ተመራማሪ ነው። አደራደሩ እንዲህ ነው፦ ፖላራይዘር፣ ከዚያ ናሙናው በ45 ዲግሪ ተጋድሞ፣ ከዚያ ሩብ-ሞገድ ፕሌት ዘንጉን ከፖላራይዘሩ ጋር አስተካክሎ፣ በመጨረሻ በልኬት የሚሽከረከር አናላይዘር፣ ማለትም ሁለተኛ ፖላራይዘር። አናላይዘሩ ሲጀመር ከፖላራይዘሩ ጋር ተሻጋሪ (90 ዲግሪ) ነው። የምፈልገው ነጥብ እስኪጨልም አናላይዘሩን አሽከረክራለሁ፤ የዞረውን ዲግሪ ለ180 ሳካፍል የፍሪንጅ ክፍልፋዩን አገኛለሁ። ዘዴው የውጥረቱን አቅጣጫ አስቀድሞ ማወቅ ይጠይቃል፤ የጠርዝ ውጥረት አቅጣጫ ደግሞ ጠርዙ ራሱ ነው። ከኔ ሥራ ጋር ልክክ አለ።

የጎደለው ለብቻው ያለ ሩብ-ሞገድ ፕሌት ነው። ከውጭ ማዘዝ ይቻላል፣ ግን መቼ እንደሚደርስ አይታወቅም። ድሮ ይህ ፕሌት የሚሠራው ከማይካ ነበር። ማይካ ደግሞ የኤሌክትሪክ ካውያ ውስጥ አለ።

ካውያና ምድጃ የሚጠግኑ አንድ አባት ጋ ሄድኩ።

«ጋሼ፣ ማይካ ፈልጌ ነበር።»

«ለየትኛው ካውያ ነው?»

«ለካውያ አይደለም፣ ብርሃን ላሳልፍበት ነው። እንደ መስታወት ጥርት ያለ ከሆነ ነው የሚሆነኝ።»

አሁን የሚመጣው ማይካ ፍርፋሪው በሙጫ ተጨፍልቆ የተሠራ ነው፣ ብርሃን አያሳልፍም። እሳቸው ግን ከአሮጌ ካውያ የወጣ፣ የመዳፍ ግማሽ የሚሆን እውነተኛ ማይካ ከቆርቆሮ ሳጥን አውጥተው ሰጡኝ። የከፈልኩት የአንድ ማኪያቶ ዋጋ ነው።

ማይካ መሰንጠቅ ደስ የሚል ሥራ ነው። ሳህን ውስጥ ውሃ፤ የማይካውን ጥግ በመርፌ ጫፍ ትንሽ መክፈት፤ ውሃው በተከፈተው ስንጥቅ ገብቶ ንብርብሩን ያነሳዋል፤ ከዚያ በጣት እየገፉ እስከ መጨረሻው መለየት። የሚያስፈልገኝ ውፍረት 0.03 ሚሊሜትር አካባቢ ነው፣ ያም በማይክሮሜትር የመጨረሻዎቹ መስመሮች ላይ ነው። ስለዚህ ውፍረቱን ከመለካት ይልቅ በብርሃን መፈተን ይሻላል። ልጣጩን ከፖላራይዘሩ ጋር 45 ዲግሪ ላይ አስቀምጦ ከፊቱ አናላይዘር ማሽከርከር ነው። ብርሃኑ የሚደምቅና የሚደበዝዝ ከሆነ ልጣጩ ሩብ-ሞገድ አይደለም። አናላይዘሩ ሙሉ ዙር ዞሮም ብርሃኑ ካልተለወጠ ሰርኩላር (የመወዛወዝ አቅጣጫው የሚሽከረከር) ሆኗል፣ ልጣጩም ሩብ-ሞገድ ነው። ብዙ ልጣጭ አለፈ፤ በመጨረሻ አንዱ በጣም የተጠጋ ሆነ። በሁለት የመስታወት ስላይድ መሐል አድርጌ ጠርዙን በፕላስተር አሸግኩት።

ሩብ-ሞገድ የሚሆነው ለአንድ ቀለም ብቻ ስለሆነ ነጭ ብርሃን ከዚህ በኋላ አይሠራም። አረንጓዴ ባለ 3 ዋት ኤልኢዲ፣ 525 ናኖሜትር፣ ከፊቱ ብርሃኑን የሚበትን ወተትማ አክሪሊክ። ለአናላይዘሩ ማሽከርከሪያ ከትምህርት ቤት ዕቃ መደብር የገዛሁትን ፕሮትራክተር ኳስ በረንግ ላይ አጣበቅሁት። ካሜራው ስልክ ነው፤ ኤክስፖዠሩና ፎከሱ በእጅ የተቆለፈ፣ ምስሉ በሮው ፎርማት (ስልኩ ያላቀነባበረው)። አውቶማቲክ ኤክስፖዠር ካልተዘጋ ስልኩ የጨለመውን ራሱ ያበራውና ልኬቱን ያጠፋዋል።

ጨለማውን ነጥብ በዓይን መፈለግ እስከ 5 ዲግሪ ያወዛግባል፤ ዝቅተኛው ቦታ ላይ ብርሃኑ የሚለወጠው በጣም ቀስ ብሎ ነው። መፍትሔው ከጨለማው ወዲህና ወዲያ እኩል ብርሃን የሚሰጡ ሁለት አንግሎችን አንብቦ መሐላቸውን መውሰድ ነው። በፓይዘን የጻፍኩት አጭር ፕሮግራም የመረጥኩትን ፒክሴል ብሩህነት በየአንግሉ አንብቦ መሐሉን ያወጣል። አሁን ልዩነቱ 1 ዲግሪ አካባቢ ነው።

ሳምንት 3፦ ካሊብሬሽን

መጀመሪያ መሣሪያውን በሚታወቅ ነገር መፈተን። ፖሊካርቦኔት፣ ዲያሜትሩ 50 ሚሊሜትር የሆነ ዲስክ፣ በቶርኖ የተሠራ። በሌዘር አይቆረጥም፤ ይጠቁራል፣ ጥላሸት ያወጣል። ዲስኩ ከላይና ከታች ሲጨመቅ መሐሉ ላይ ያለው የውጥረት ልዩነት በቀመር ይታወቃል፤ 8 × ጭነት ÷ (ፓይ × ውፍረት × ዲያሜትር)። ደስ የሚለው፣ የፍሪንጅ ዋጋውን ሲያሰሉ ውፍረቱ ይጣፋል። ጀሪካን ሰቅዬ ቀስ በቀስ ውሃ ሞላሁ። ጠቅላላው 14 ኪሎ ሲደርስ የዲስኩ መሐል ደምቆ ቆይቶ እንደገና ጨለመ፣ አንድ ፍሪንጅ። የአዲስ አበባ የመሬት ስበት 9.77 ስለሆነ ጭነቱ 137 ኒውተን፣ የፍሪንጅ ዋጋው በሚሊሜትር 7 ኒውተን ወጣ። ለፖሊካርቦኔት የሚታወቀው ቁጥር ይኸው ነው። መሣሪያው ይታመናል።

ቀጥሎ አክሪሊኩ ራሱ። ከምንጠቀምበት ሺት 10 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ዘንግ በመጋዝ ቆርጬ፣ ጠርዙን በውሃ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሼ፣ የነበረበትን ውጥረት በኦቨን ሙቀት አርግቤ አዘጋጀሁ። ሺቱ 5 ሚሊሜትር ተብሎ የተሸጠ ነው፣ በካሊፐር 4.8 ነው። በ3 ለ 1 ማንሻ 20 ሊትር ጀሪካን 60 ኪሎ ይሆናል።

20 ኪሎ ላይ 29 ዲግሪ፣ 40 ላይ 60፣ 60 ላይ 89። ቀጥ ያለ መስመር ነው። የፍሪንጅ ዋጋው በሚሊሜትር 118 ኒውተን ሆነ። ወደ ኦፕቲካል ኮፊሸንት (ቁሱ ለውጥረት በብርሃን የሚሰጠው ምላሽ መጠን) ሲቀየር 4.4 ብሩስተር ይሆናል፤ አንድ ብሩስተር በፓስካል አንድ ትሪሊየንኛ ነው፣ ስሙም ከዚያው ከስኮትላንዳዊው የመጣ። ለ4.8 ሚሊሜትር ሺት አንድ ሙሉ ፍሪንጅ ማለት 24.6 ሜጋፓስካል ነው። ከዚህ በኋላ እያንዳንዱ ዲግሪ ወደ 0.14 ሜጋፓስካል ይቀየራል።

የምልክቱ ጉዳይ ልብ ይባል። አክሪሊክ በክፍል ሙቀት የኦፕቲካል ኮፊሸንቱ ኔጋቲቭ ነው፣ የፖሊካርቦኔት ደግሞ ፖዘቲቭ። በፖሊካርቦኔት ተለማምዶ «ወደ ቀኝ ሲዞር መሳብ ነው» ያለ ሰው አክሪሊክ ላይ ሲመጣ የተሳበውን የተጨመቀ አድርጎ ያነባል። ለዚህ ነው ምልክቱን በራሱ በአክሪሊኩ ያረጋገጥኩት፦ ዘንጉን በእጅ ማጉበጥ ብቻ ነው። የውጩ ጠርዝ ይሳባል፣ የውስጡ ይጨመቃል፣ የትኛው በየት አቅጣጫ ሲዞር እንደሚጨልም አይቶ መጻፍ።

በዚያው ዘንግ ላይ የመለጠጡን መጠንም ለካሁ። ዘንጉ ላይ ጥቁር ስፕሬይ ከሩቅ በትኜ ነጠብጣብ አደረግሁበት፤ ከጭነት በፊትና በኋላ የተነሳውን ፎቶ በኦፕንሲቪ (የምስል ማቀነባበሪያ ሶፍትዌር) እያነጻጸርኩ የነጠብጣቦቹን መራራቅ አሰላሁ። በ60 ኪሎ ውጥረቱ 12.2 ሜጋፓስካል ነው፣ መለጠጡ 0.40 በመቶ፤ የመለጠጥ ሞጁሉ 3 ጊጋፓስካል አካባቢ ይመጣል፣ ለአክሪሊክ የሚጠበቀው ነው። ጭነቱን አንድ ሰዓት ሳቆየው ግን መለጠጡ ወደ 0.44 ሄደ። ፖሊመር ከጭነት ጋር ጊዜ ሲያገኝ ይሳባል። ስለዚህ የካሊብሬሽን ንባብ ሁሉ ጭነቱ ካረፈ 2 ደቂቃ በኋላ እንዲሆን ወሰንኩ።

ሳምንት 4፦ የሳጥኖቹ ልኬት

ከሌዘሩ እንደወጣ፣ ቀጥ ያለ ጠርዝ፦ 108 ዲግሪ። 0.6 ፍሪንጅ፣ 14.8 ሜጋፓስካል፣ የመሳብ። ማንም ሳይነካው፣ ምንም ሳይሸከም። መለጠጡ ግማሽ በመቶ ገደማ መሆኑ ነው። መዘግየቱ 315 ናኖሜትር ስለሆነ በነጭ ብርሃን ሐመር ቢጫ ሆኖ መታየቱም ገጠመ። በተጨማሪም ይህ በውፍረቱ ሙሉ የተደመረ አማካይ ነው፤ ጠርዙ ላይ ራሱ ካሜራዬ ከሚለየው በላይ ሊሆን ይችላል።

ለ4 ሚሊሜትር ብሎን በሌዘር የተቆረጠ ቀዳዳ፦ ቀዳዳው ዙሪያ አራት ጥቁርና አራት ብሩህ ክንፎች ይታያሉ። ብሩሆቹ ውጥረቱ 45 ዲግሪ የሚያጋድምባቸው ናቸው፣ ንባቡ የሚወሰደው እነሱ ላይ ነው። 135 ዲግሪ፣ 18.5 ሜጋፓስካል። ብዙ የተመለሱት ሳጥኖች ከቀዳዳው መጀመራቸው አያስገርምም። በዚያ ላይ ብሎኑ አለ። ሾጣጣ ራስ ያለው ብሎን ስናጠብቅ እንደ ሽብልቅ ቀዳዳውን ይገፋዋል፤ ብሎኑ እየጠበቀ ባለበት አናላይዘሩን ሳዞር የጨለማው ቦታ ዓይኔ እያየ ሲርቅ ነበር። ጠፍጣፋ ራስ ያለው ብሎን ከሰፊ ሮንዴላና ከሲሊኮን ጎማ ጋር ሳደርግ ንባቡ ከመነሻው አልተነቃነቀም።

በትራፓኖ የተበሳ ቀዳዳ፣ የፑንታው ስለት ለፕላስቲክ እንዲሆን ትንሽ የተደፈጠጠ፣ ከሥር እንጨት፣ ውሃ እየፈሰሰበት፦ 25 ዲግሪ፣ 3.4 ሜጋፓስካል።

ቁጥሮቹን ያየው የሌዘር ሠራተኛችን ፍጥነቱን ጨምሮ፣ በሁለት ዙር እንቁረጠው አለ። ሞከርነው። ጠርዙ ሻካራ ሆነ፣ ውጥረቱ ግን ከልኬት ስህተቱ ብዙም ሳይወጣ ያው ነው። ጠርዙ የሚቀልጠው በማንኛውም ሁኔታ ስለሆነ የሌዘሩን ሴቲንግ መነካካቱን ተውነው።

ሳምንት 5 እና 6፦ ኦቨን

የአክሪሊክ መለስለሻ 105 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው። ከዚያ ዝቅ ብሎ፣ 80 ላይ ሰዓታት ሲቆይ፣ ቅርጹን ሳይለቅ ውጥረቱን ይለቃል።

የዳቦ ኦቨን ተጠቀምኩ። ቴርሞስታቱን አላመንኩትም፤ የመልቲሜትሩን ቴርሞካፕል ሳጥኑ አጠገብ አስሬ ሳይ 80 የተባለው ከ68 እስከ 97 ይዋልላል። በ97 ላይ ቀጭኑ ክዳን ሊጎብጥ ነው። ቴርሞስታቱን ትቼ በ1,400 ብር የዲጂታል መቆጣጠሪያና ሪሌ ገጠምኩለት፣ ከኮምፒውተር የወጣች ትንሽ ፋንም አየሩን እንድታዞር አደረግሁ። አሁን ከ78 እስከ 82 ነው። ከዚህ ፕሮጀክት ትልቁ ወጪ ይኸው ነው፤ ሞኒተሩ፣ ኤልኢዲው፣ በረንጉና መነጽሩ ተደምረው አይደርሱበትም።

80 ላይ 4 ሰዓት፣ ከዚያ ኦቨኑ ተዘግቶ በሰዓት ከ15 ዲግሪ ባልበለጠ ፍጥነት እስከ 40 ማቀዝቀዝ። ጠርዙ፦ 9 ዲግሪ፣ 1.2 ሜጋፓስካል። በሌዘር የተቆረጠው ቀዳዳም ከዚሁ ጋር ተቀራራቢ። ቢጫዋ መስመር ጠፍታለች።

ቀስ ብሎ ማቀዝቀዙ የግድ መሆኑን ለማየት አንዱን ናሙና በ80 አውጥቼ ብረት ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት። ወደ ብረቱ የተደፋው ገጽ ቀድሞ ስለቀዘቀዘ ጎበጠ፣ ጠርዙም 20 ዲግሪ አነበበ፣ 2.7 ሜጋፓስካል። ሁለተኛው ዙር ላይ መሐል መብራት ጠፋ። የኦቨኑን በር ሳልከፍት ትቼው መብራት ሲመጣ ከ80 እንደገና ጀመርኩ፤ ውጤቱ አልተበላሸም። የዳቦ ኦቨን ግድግዳው ወፍራም ስለሆነ በራሱ የሚቀዘቅዘው ቀስ ብሎ ነው። በር መክፈት ነው የሚጎዳው።

ሌላ ችግር ከሺቱ መጣ። መርካቶ ከሌላ ሱቅ የተገዛው ሺት ገና ሳይቆረጥ መሐሉ ግራጫ ነው፣ ሰርኩላር መነጽሩ ላይም ያው። ከእሱ አንድ ካሬ ቁራጭ እስከ 160 ዲግሪ አሙቄ ለካሁት፤ በአንዱ አቅጣጫ ከሌላው በግልጽ በልጦ አጥሯል። በማሽን ተስቦ የወጣ ኤክስትሩድድ ሺት ነው፣ እንጂ እንደ መጀመሪያው በሻጋታ የፈሰሰ ካስት አይደለም። ሱቁ ውስጥ ሁለቱም «አክሪሊክ» ነው የሚባሉት፣ በዋጋ ካልሆነ በቀር አይለዩም። ኤክስትሩድዱን በ72 ዲግሪ ነው የማረግበው፣ ጠርዙ ላይ የሚቀረው ውጥረትም ከካስቱ ይበልጣል። ከእንግዲህ ስገዛ መነጽሩን ይዤ ነው የምሄደው፤ የስልክ ስክሪን ላይ ነጭ ገጽ ከፍቶ፣ ሺቱን አስገብቶ ማየት በቂ ነው።

ሳምንት 7፦ አልኮል

ከካስት ሺት የተሠሩ ናሙናዎች፣ ሁሉም ጠርዛቸው በ70 በመቶ አልኮል በራሰ ጥጥ ተሸፍኖ፣ ጥጡ እንዳይደርቅ ፕላስቲክ ተጠቅልሎበት።

ያልረገበው የሌዘር ጠርዝ ደቂቃዎች ውስጥ ሰነጠቀ። ከጎን በባትሪ ሳበራበት ስንጥቆቹ አንድ በአንድ ሲወጡ ማየት ይቻላል፤ መጀመሪያ ቀዳዳው ዙሪያ፣ ከዚያ ጥጉ ላይ፣ ከዚያ በቀጥታው ጠርዝ። በብረት ጠረጴዛ ላይ በፍጥነት የቀዘቀዘው አደረ፤ ጠዋት ላይ ጥቂት አጫጭር መስመሮች ነበሩበት። በትራፓኖ የተበሳው ቀዳዳ ፑንታው በወጣበት በኩል፣ ትንሽ የተላጠ ቦታ ላይ አንድ ስንጥቅ አወጣ፤ ሌላው ደህና ነው። በ80 ረግቦ ቀስ ብሎ የቀዘቀዘው ላይ ሌሊቱን ሙሉ ምንም አልወጣም፣ ጥጡን ቀይሬ ሁለተኛ ሌሊት አሳደርኩት፣ አሁንም ንጹሕ ነው።

የሳጥኑ አሠራር ከዚህ በኋላ፦ ካስት ሺት ብቻ፣ ቀዳዳውም ጠርዙም በሌዘር፣ ሙጫ ከመነካቱ በፊት ኦቨን፣ ብሎኑ ጠፍጣፋ ራስ ከሮንዴላ ጋር። ሙጫውን ከኦቨን በኋላ ያደረግሁት ሟሟው የተወጠረ ጠርዝ ሲያገኝ እንደ አልኮሉ ስለሚሰነጥቀው ነው። እያንዳንዱ ሳጥን ከመውጣቱ በፊት በ3ዲው መነጽር ይታያል፤ ጠርዙ ላይ ብርሃን ያሳየ ወደ ሴናርሞን ይሄዳል፣ ከ20 ዲግሪ በላይ ያነበበ ወደ ኦቨን ይመለሳል።

የቀረው የተጣበቀው መገጣጠሚያ ነው። እዚያ ነጻ ጠርዝ ስለሌለ ሁለቱ ዋና ውጥረቶች ተቀላቅለው ነው የሚነበቡት፣ አቅጣጫቸውም ከነጥብ ነጥብ ይለያያል። ለዚህ ፖላራይዘሩንና አናላይዘሩን በጥንድ እያሽከረከርኩ የአቅጣጫውን ካርታ ማውጣት አለብኝ። ሁለቱን በአንድ ቀበቶ የሚያዞር ማርሽ ቶርኖ ቤት አዝዣለሁ።